«ጾም ነሽ ፍስክ?» ሲሉኝ አፌ ተሳሰረ

ለአማካሪዬ፣

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ማንበብ የጀመርኩት በቅርቡ ነው። ከዚያ በፊት ከቡድናችን ጽሑፍ ውጪ ሌላ ነገር ማንበብ አይፈቀድልንም ነበር።

29 ዓመቴ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከድሮ የክፍል ጓደኛዬ ጋር በደባልነት እኖራለሁ። ዳቦ ቤት ሒሳብ ተቀባይ ነኝ። ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው፤ እናቴ የሞተችው በልጅነቴ ነው። የ10ኛ ክፍል ፈተና እንደጨረስኩ ታላቅ እህቴ ወደ አዲስ አበባ አመጣችኝና እሷ የምትሄድበት የጸሎት ቡድን ውስጥ ይዛኝ ገባች። ያኔ 18 ዓመቴ ነበር። የቡድኑን ስም አልጽፍም፤ እህቴ ዛሬም እዚያው ናት።

መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። ስታመም ተራ ገብተው ነው ያስታመሙኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ያቀፈኝ ሰው አልነበረም። እያደር ግን ነገሩ ጠበቀ። ሁላችንም አንድ ግቢ ውስጥ መኖር ጀመርን። ምን እንደምንለብስ፣ ከማን ጋር እንደምናወራ፣ ማን ማንን እንደሚያገባ የሚወስኑት መሪያችን ነበሩ። ሠርግ፣ ለቅሶ፣ የጎረቤት ቡና፣ እድር፣ እቁብ፣ ሁሉም «የዓለም ነው» ተብሎ ቀረ። ውጭ የሚሠሩት ደመወዛቸውን ያስረክባሉ። እኔ ቀን እንጀራ እጋግራለሁ፣ ማታ ማታ የግቢውን ልጆች ፊደል አስቆጥራለሁ። የትምህርት ማስረጃዬንና መታወቂያዬን «እኛ ጋ ይቀመጥልሽ» ብለው ወሰዱት።

ከሦስት ዓመት በፊት አባቴ ሞተ። «ሙታን ሙታናቸውን ይቅበሩ» ብለው እንዳልሄድ ከለከሉኝ። እኔም ቀረሁ። ያኔ አላለቀስኩም እንኳ። ከዚያ በኋላ ግን ልቤ አልተመለሰም። የዛሬ አስር ወር ጤፍ ላስፈጭ ብዬ ወጥቼ በዚያው ቀረሁ።

ከወጣሁ የሚቀለኝ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ማን እንደሆንኩ አላውቅም። አንድ ረቡዕ ባልደረቦቼ ምሳ ሊያዙ ሲሉ «አንቺስ፣ ጾም ነሽ ፍስክ?» አሉኝ። አፌ ተሳሰረ። «አልራበኝም» ብዬ ወጣሁ። ሹራብ ልገዛ ሄጄ ሻጩ «ምን ከለር ልስጥሽ?» ሲለኝ እንባዬ መጣ። የምወደውን ከለር አላውቀውም። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ሌሊት እባንናለሁ። «ከዚህ የወጣ ሰው ደሙ በራሱ ላይ ነው» ይሉ የነበረው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። በቀደም የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ቃሊቲ አካባቢ ከሲኖትራክ ጋር ከመጋጨት ለጥቂት ነው የተረፈው። «ይኸው መጣልሽ» አልኩ ለራሴ። ጸሎት ልጀምር ስል ልቤ ይመታል። ጎረቤቴ ደግ ሴት ናቸው፤ «ወደ እኛ ነይ፣ ሁሉም ይፈታልሻል» እያሉ ይወተውቱኛል። ደባሌ ደግሞ «ይሄን ነገር ጨርሶ እርግፍ አድርገሽ ተይው፣ ተዝናኚ» ትለኛለች። ደብረ ብርሃን አክስት አለችኝ። ልደውልላት አፍራለሁ።

እህቴን ባለፈው ታክሲ ሰልፍ ላይ አየኋት። በስሟ ጠራኋት። ፊቷን አዞረች። ስልክ ቁጥሬን በሰው ልኬላት ነበር፤ አልደወለችም።

11 ዓመቴ በከንቱ አለቀ። እኩዮቼ ተመርቀዋል፣ ወልደዋል። እኔ እንደ 18 ዓመት ልጅ ነኝ። አብጄ ይሆን? ከየት ልጀምር?

ግራ የገባኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ

---

የኔ እህት፣

አላበድሽም። ከሁሉ በፊት ይህን ልንገርሽ። በደብዳቤሽ መጨረሻ ጣል ያደረግሽው ይህ ጥያቄ፣ ሌሊት ከሚያባንኑሽ ነገሮች አንዱ ይመስለኛል። ገና በ18 ዓመትሽ ሌላ ሰው ሕይወትሽን ተረከበ። የምትለብሺውን፣ የምታነቢውን፣ ለማን እንደምታለቅሺ ሳይቀር ወሰነልሽ። አሁን ያ ሁሉ ውሳኔ በአንድ ጊዜ እጅሽ ላይ ወደቀ። ግራ ባይገባሽ ነበር የሚገርመኝ።

ባለሙያዎችም ይህን ዓይነት ጭንቀት ያውቁታል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው የምርመራ መመሪያ «የሃይማኖት ወይም የመንፈሳዊ ሕይወት ችግር» የሚል ርዕስ አስገብቷል። እምነትን ማጣት፣ መጠራጠር፣ ወደ ሌላ እምነት መሄድ የሚያመጣው ጭንቀት እዚያ ተጠቅሷል። የተቀመጠው ግን እንደ በሽታ አይደለም። ሰው እርዳታ ሊያገኝበት የሚገባ የሕይወት ጉዳይ ተብሎ ነው። ስለዚህ ያለሽበት ሁኔታ ከአንቺ በፊትም ብዙ ሰው ያለፈበት ነው።

ወደ ፍርሃቱ ልምጣ። ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ ያለውን መንገድ አንቺም ታውቂዋለሽ። የአዳማ የፍጥነት መንገድ የሚጀምረው እናንተው ጋ ነው፤ የጭነት መኪናው ብዛት የታወቀ ነው። ያን ዕለት ሚኒባሱ ውስጥ አብረውሽ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ደንግጠዋል። ረዳቱም ደንግጧል። እነሱ ግን ከየትኛውም ቡድን አልወጡም። ሲኖትራኩ የመጣው ላንቺ ተብሎ አይደለም።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ክፉ ነገር ለጥቂት ሲያልፍሽ «ይኸው መጣልሽ» ብለሽ በእርግማኑ ላይ ጻፍሽው። ደባልሽ ቤቷን ስትከፍትልሽስ? ዳቦ ቤቱ ቀጥሮሽ ካዝናውን ሲያስይዝሽስ? መታወቂያ እንኳ የሌላት ልጅ ገንዘብ በአደራ ተሰጥቷት ስትቀመጥ፣ ያንን በማን ስም ጻፍሽው? ካሁን በኋላ ሁለቱንም አብረሽ ቁጠሪ። የምቆጥረው ክፉውን ብቻ ከሆነ እኔም ብሆን የተረገምኩ ይመስለኛል።

ሌሊት ድምፁ ሲመጣ አትከራከሪው። በእንቅልፍ ልብ ክርክር አይቻልም። ተነሺ፣ መብራት አብሪ፣ እግርሽን ቀዝቃዛው ወለል ላይ አድርጊ፣ ውሃ ጠጪ። ከዚያ ድምፅሽን አውጥተሽ «ይሄ የእሳቸው ቃል ነው፣ የኔ አይደለም» በይ። መጀመሪያ ሰውነትሽ ይረጋጋል፣ ሐሳብሽ ኋላ ይከተላል። ደባልሽንም አስቀድመሽ ንገሪያት፤ መብራት ስታበሪ እንዳትደነግጥ። 

እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታት አስቆጥሮ ከሆነ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ሥራ ላይ ሒሳብ እስከመሳሳት ካደረሰሽ ሐኪም ማየት አለብሽ። ከአቅራቢያሽ ጤና ጣቢያ ጀምሪ፤ እነሱ ሪፈር ይጽፉልሻል። አማኑኤል ሆስፒታል ቢሉሽም አትደንግጪ። በከተማችን «አማኑኤል» ሲባል ሰው ሌላ ነገር ያስባል። እዚያ የሚመላለሰው ግን በእግሩ ሄዶ፣ ተመርምሮ፣ መድኃኒቱን ይዞ ሥራው የሚገባ ብዙ ሰው ነው። ደግሞ በደብዳቤሽ ያልጻፍሽውን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ መኖር አስጠልቶሽ ያውቃል? መልስሽ «አዎ» ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቂ። የዚያኑ ዕለት ለደባልሽ ነግረሽ አብራችሁ ሆስፒታል ሂዱ።

አሁን «ከየት ልጀምር?» ወዳልሽው ልምጣ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው አንቺ የምትጀምሪው ከትልቁ ጥያቄ ነው። እኔ ማን ነኝ? እግዚአብሔር ፊት ምን ሆንኩ? ትክክለኛው የቱ ነው? እነዚህን ሳትመልሺ ምሳ ማዘዝም፣ ሹራብ መግዛትም የማይቻል መስሎሻል። እኔ ተቃራኒውን ነው የማስበው። ስለ እምነትሽ ዛሬ መወሰን የለብሽም። ስለ ምሳሽ ግን ዛሬ መወሰን ትችያለሽ። ጄሶ የተፈታለት እግር አይተሽ ታውቂ ይሆናል። አጥንቱ ድኗል፤ ሥጋው ግን ሳስቶ ቀጥኗል። በዚያ እግር ማንም ተራራ አይወጣም፤ መጀመሪያ ከአልጋ እስከ በር ነው። የመወሰን አቅምሽ አሁን እንደዚያ ነው። በትንሹ ስትሠሪበት ይመለሳል።

ረቡዕ ዕለት ባልደረቦችሽ የጠየቁሽን አስቢው። በኛ አገር «ጾም ነሽ ፍስክ?» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ሃይማኖት ለማጣራት አይደለም። አንድ ትሪ ላይ አብረው ሊበሉ ነው። በየዓይነቱ ይታዘዝ ወይስ ጥብስ፣ ያንን ለማወቅ ነው። እነዚህ ልጆች አብረሻቸው እንድትበዪ ፈልገዋል ማለት ነው። በሚቀጥለው «ዛሬ ሽሮ አምሮኛል» በያቸው። ሽሮ ካማረሽ ማለቴ ነው። ሌላ ከሆነም ሌላ። ሆድሽን አዳምጠሽ ያማረሽን ብቻ ተናገሪ። ሽሮ ማዘዝ የእምነት መግለጫ አይደለም።

ደፍሮ «ሃይማኖትሽ ምንድን ነው?» የሚልሽም አይጠፋም። ለዚያ ሰው «እሱን ገና እያሰብኩበት ነው» በቂ ነው። ከደገመሽ «ሌላ ጊዜ እናወራለን» ብለሽ ወሬ ቀይሪ። ለጠየቀሽ ሁሉ ታሪክሽን የመዘርገፍ ዕዳ የለብሽም። አንድ ወይም ሁለት የምታምኛቸው ሰዎች ቢያውቁት ግን ይቀልሻል።

ልብሱም እንዲሁ ነው። ሻጭ ቆሞ እያየሽ መምረጥ ለጊዜው ይከብድሻል። ሰልቫጅ የሚሸጥበት ሂጂ። እዚያ ሰው ሁሉ አጎንብሶ ክምሩን ያገላብጣል፤ አንቺን የሚያይሽ የለም። ዋጋውም ቀለል ስለሚል ብትሳሳቺ አይቆጭሽም። እጅሽ ያረፈበትን አንሺ፣ ሳምንት ልበሺው። ካልወደድሽው አለመውደድሽን አወቅሽ። ይሄን እንደ ቀላል አትዪው። እዚያ ግቢ ውስጥ «ይሄን አልወደድኩትም» ማለት አይቻልሽም ነበርና። ብትችዪ አነስ ያለ ደብተር ግዢና ማታ ማታ ራስሽ የወሰንሽውን አንድ ነገር ጻፊ። «ሻይ ያለ ስኳር ጠጣሁ፣ አልጣመኝም» ብትዪም ይበቃል። ደብተሩን ማንም አያርመውም።

ጎረቤትሽና ደባልሽ ሁለቱም ይወዱሻል። ሁለቱም ግን እያጣደፉሽ ነው። አንዷ ግቢ ትልሻለች፣ ሌላዋ እርሺው ትልሻለች። ለጎረቤትሽ እንዲህ ብትያቸውስ? «እማማ፣ ስለ እኔ ስለሚያስቡ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ግን ትንሽ ማረፍ ነው የምፈልገው። ቡና ሲያፈሉ ግን ይጥሩኝ።» እኚህ ሴት እንዳልሻቸው ደግ ከሆኑ ጀበናው ሲጣድ ይጠሩሻል። ሂጂ። ቁጭ ብለሽ ቡናውን ጠጪ፣ የሰፈሩን ወሬ ስሚ። እድር እንዴት እንደሚመዘገቡም ጠይቂያቸው። እድር ውስጥ ስምሽ ሲጻፍ የምትጠየቂው ስለ መዋጮሽና ሰው ሲሞት ስለ መገኘትሽ ነው። 11 ዓመት ከሰው ተለይተሽ ስለኖርሽ፣ ከሰው መቆጠር ላንቺ ትልቅ ነገር ነው።

ወደፊት አንድ ቀን ወደ አንዱ ጉባኤ መሄድ ትፈልጊ ይሆናል። ላትፈልጊም ትችያለሽ። እኔ ሂጂም አትሂጂም አልልሽም፤ ያንቺ ነው። የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመግባትሽ በፊት ትንሽ «እምቢ» በያቸውና ምን እንደሚሆኑ እዪ። አንድ ሳምንት ቅሪ። አንድ ጥያቄ ጠይቂ። ገንዘብ ሲሉሽ «ዘንድሮ አልችልም» በይ። ዘመድ ጥየቃ ልሂድ በያቸው። «እሺ፣ በሰላም ተመለሺ» የሚሉ ሰዎች አሉ። ፊታቸው የሚቀየርም አሉ። የመጀመሪያው ቀን ፍቅር ብቻውን ብዙ አይነግርሽም። ያኛው ቡድንም ስታመሚ ተራ ገብቶ አስታሞሽ ነበር። ያ እንክብካቤ እውነት ነበር ብለሽ ብታስቢ አልቃወምሽም። የከፈልሽበት ዋጋ ግን በዝቷል።

ስለ ጸሎት ደግሞ፣ ልብሽ የሚመታ ከሆነ አታስገድጂው። ዝም ብለሽ መቀመጥም ይፈቀዳል። ይህን የሚቆጣጠር ሰው አሁን የለም።

የአባትሽን ነገር ሆን ብዬ ነው ለዚህ ያቆየሁት። በደብዳቤሽ ውስጥ አጭር ቦታ ነው የሰጠሽው። እኔ ግን እሱን ካነበብኩ በኋላ ሌላውን ማንበብ አቅቶኝ ቆየሁ። አባት ሞቶ አለመቅበር በኛ ዘንድ ከባድ ነው። የከለከሉሽ ደግሞ ቀብሩን ብቻ አይደለም፤ አብሮሽ የሚያለቅስ ሰው ነው የነሱሽ። በአንድ በኩል ሐዘን ነው፣ በሌላ በኩል «ለምን እሺ አልኳቸው?» የሚል ጸጸት ነው። አሁን የምትፈሪው ጥያቄ «አክስቴ ፊት በምን ዓይኔ እቆማለሁ?» የሚለው ይመስለኛል።

እህቴ፣ ለቅሶ ጊዜው አያልፍበትም። ይህን ካደግሽበት ታውቂዋለሽ። ዓረብ አገር ሆና እናቷን ያልቀበረች ልጅ ከዓመታት በኋላ ስትመጣ፣ በሩ ላይ ስትደርስ ለቅሶው እንደ አዲስ ይነሳል። ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል። «አሁን ነው የምታለቅሺው?» የሚላት የለም። ላንቺም የሚልሽ አይኖርም። አንቺ ያለሽበት ቦታ ከዓረብ አገር ይልቅ ለደብረ ብርሃን ይቀርብ ነበር፤ መውጣቱ ግን አልቀለለሽም። 

ስለዚህ ለአክስትሽ ደውይ። ረጅም ማብራሪያ አታዘጋጂ። «አክስቴ፣ እኔ ነኝ። አባቴን ሳልቀብር ቀረሁ። ልምጣ?» በያት። ትቆጣሽ ይሆናል። «እስከዛሬ የት ነበርሽ!» ብላ ትጮህብሽ ይሆናል። አትዝጊው። የሚቆጣ ዘመድ ብዙ ጊዜ ሲጠብቅሽ የኖረ ዘመድ ነው። ምናልባትም ስልኩን ትዘጋብሽ ይሆናል፤ ያኔ ሳምንት ቆይተሽ ድገሚያት፣ ወይም በአካባቢው የምታውቂያቸውን አንድ ሽማግሌ ላኪባት። እሺ ካለችሽ ከዳቦ ቤቱ ሁለት ቀን ፈቃድ ውሰጂ። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከላምበረት መናኸሪያ ትሳፈሪያለሽ። ደባልሽ አብራሽ ብትሄድ መልካም ነው፤ የድሮ የክፍል ጓደኛሽ ስለሆነች አገሩንም ሰዉንም ታውቃለች። ከመቃብሩ ላይ ምን እንደምትይ፣ ጸሎት ይሁን ዝምታ፣ እዚያው ስትደርሺ ይታወቅሻል። ማልቀስ ካቃተሽም አትደንግጪ። እንባ በቀጠሮ አይመጣም።

«11 ዓመቴ በከንቱ አለቀ» ብለሻል። «አላለቀም» ብዬ ላጽናናሽ አልሞክርም። የተወሰደብሽ ነገር አለ። ትምህርትሽ፣ ጓደኞችሽ፣ የአባትሽ የመጨረሻ ዓመታት። ተናደጂበት፤ ተገቢ ነው። ነገር ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያለፍሽው ነገር አለ። «ማታ ማታ የግቢውን ልጆች ፊደል አስቆጥራለሁ» ብለሻል። ስንት ልጅ ነው ባንቺ እጅ ማንበብ የጀመረው? የሚያስቸግረውን ልጅ እንዴት ነበር የምትይዢው? ያ ሰዓት ደስ ይልሽ ነበር? መልስሽ «አዎ» ከሆነ ያ ደስታ የቡድኑ ንብረት አይደለም። ይዘሽው ወጥተሻል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ልጁን የሚያስጠናለት ሰው የሚፈልግ ወላጅ ሞልቷል። ከሥራ መልስ ለአንድ ልጅ፣ ለአንድ ሰዓት ጀምሪ። ጎረቤትሽ ቡና ላይ «እሷ ታስጠናለች» ቢሉ ወላጅ ራሱ ይመጣል። የምታገኚውንም ገንዘብ ለብቻው አስቀምጪው። እቁብ ከገባሽ አነስተኛውን ግቢ።

ሰነዶችሽን በተመለከተ ለማስመለስ ብለሽ ብቻሽን ወደዚያ ግቢ እንዳትሄጂ። መጠየቅ ካለበት ሁለት ትልልቅ ሰዎች ልከሽ ይጠየቅ። እምቢ ካሉ ትግሉን ተይውና ምትክ አውጪ። ፋይዳ ለመመዝገብ ሰነድ የሌለው ሰው ራሱ ፋይዳ ባለው ሰው ምስክርነት ሊስተናገድ ይችላል፤ ደባልሽ ልትመሰክርልሽ ትችላለች። ትምህርትሽም መዝገብ አለው። ደብረ ብርሃን ስትሄጂ የተማርሽበት ትምህርት ቤት ገብተሽ ትራንስክሪፕት ጠይቂ። የ10ኛ ክፍል የብሔራዊ ፈተና ውጤት ደግሞ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎትን ይመለከታል፤ ምትክ የምትጠይቂው እዚያ ነው። ውጤትሽን ስታዪ የማታ ትምህርት መቀጠል ወይም ቴክኒክና ሙያ መግባት፣ የትኛው እንደሚሻልሽ ይለያል። 

«ከጠየቅኳቸው ይከሱኛል፣ ያስፈራሩኛል» ብለሽ ትሰጊ ይሆናል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ማንም ሰው የመረጠውን እምነት እንዳይዝ በኃይልም ሆነ በሌላ መንገድ ማስገደድ እንደማይቻል ደንግጓል። መግባት መብትሽ እንደነበር መውጣትም መብትሽ ነው። ደጅሽ ድረስ እየመጣ የሚያስፈራራሽ ሰው ካለ ቀኑንና ያለውን ጻፊና ለፖሊስ አመልክቺ።

እኩዮችሽን በተመለከተ ብዙ አልልም። አንዳንዶቹ ተመርቀው ሥራ ፈላጊ ናቸው። ዝም ብለሽ ከሩቅ አትለኪያቸው።

እህትሽን በመጨረሻ ያመጣኋት ቀላል ስለሆነች አይደለም፤ በጣም ከባዷ ስለሆነች ነው። ፊቷን ስታዞር አንቺን ጠልታ መስሎሻል። እስቲ አንቺ እዚያ በነበርሽ ጊዜ የወጣ ሰው መንገድ ላይ ስታገኚ ምን ታደርጊ ነበር? ልብሽ ውስጥስ ምን ነበር? ያንን ከማንም በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሰልፉ ላይ ሌላ የግቢው ሰው አብሯት ኖሮ ሊሆን ይችላል። ልትመልስልሽ እየፈለገች ፈርታም ሊሆን ይችላል። ወይም በእርግጥ ተቆጥታብሽ ይሆናል፤ ይዛሽ የገባችው እሷ ስለሆነች መውጣትሽን እንደ ክህደት አይታው ይሆናል።

ልታስወጫት አትሞክሪ። ቡድኑን የሚነቅፍ መልእክት አትላኪላት፤ እጇ ላይ ቢገኝ የምትቀጣው እሷ ናት። እንደገና ካየሻት ሰው ፊት በስሟ አትጥሪያት። ዓይኗን አይተሽ ራስሽን ዝቅ አድርገሽ ሰላም በያትና እለፊ። ደብረ ብርሃን ደርሰሽ ስትመለሺ፣ በዚያው ቁጥርሽን ባደረሰው ሰው በኩል አንድ መስመር ብቻ ላኪላት። «አባዬ መቃብር ሄጄ ነበር። ባንቺም ስም አልቅሻለሁ። ደህና ነኝ።» መልስ አትጠይቂ። መልሱ ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ጭራሽ ላይመጣም ይችላል። አንቺ ራስሽ አባትሽ ከሞተ በኋላ ለመውጣት ስንት ጊዜ እንደፈጀብሽ አስቢ።

ከግቢው እየደወሉ የሚያስጨንቁሽ ቁጥሮች ካሉ ብሎክ አድርጊያቸው። ሲምሽን ግን እንዳትቀይሪ፤ እህትሽ የያዘችው ቁጥር እሱ ነው።